የፕላስቲክ ጠብታ በላፕቶፕ፦ ከዶቃና ሞላ እስከ ንክኪ ማዕዘን

ደብረ ብርሃን ገበያ ዳር የሚያፈስ ጀሪካን የሚደፍኑ አንድ ጋሼ አሉ። ከአሮጌ ጀሪካን የተቆረጠ ቁራጭ ይለኩሳሉ። ቁራጩ ይቀልጥና ቀዳዳው ላይ ጠብ ይላል። ጠብታው ሲወድቅ ክብ ነው። ሲያርፍ ትንሽ ይሰፋል፣ ከዚያ ይቆማል። ቁራጩን ወደ ላይ ሲያነሱት ቀጭን ክር አብሮ ይጎተታል። አንድ ቀን ጠብታውን በጣቴ ልነካ ስል እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ገና ነው ልጄ። ከላይ ነው እንጂ የደረቀው፣ ውስጡ ትኩስ ነው» አሉኝ።

ያን ማታ ላፕቶፔ ላይ በስሌት አስመስዬ የሠራሁት ጠብታም ችግሩ ይኸው ነበር። ስክሪኑ ላይ ክብ ሆኖ አምሯል። ለካሁት። በማግስቱ ደግሜ ብለካው ሌላ ቁጥር ሰጠኝ። ከላይ ሲያዩት ያለቀለት ይመስላል፣ ውስጥ ያሉት ሰንሰለቶች ግን ገና ቦታቸውን አልያዙም ነበር።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን ጠብታ ከባዶ ፋይል ተነስቶ እስከ መለካት ያደርሳችኋል። 10,000 ዶቃ፣ አንድ ተራ ላፕቶፕና በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ይበቃናል። ሊነክስና ፓይተን ትንሽ የነካካችሁ ከሆነ አትቸገሩም።

ዶቃው ምንድን ነው?

የጀሪካን ፕላስቲክ ፖሊኤቲሊን ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ የካርቦን አተሞች ተከታትለው የተያያዙበት ረጅም ሰንሰለት ማለት ነው። እያንዳንዱን አተም እንከተል ካልን ላፕቶፑ አይችለውም። ስለዚህ ጥቂት አተሞችን ጠቅልለን አንድ ዶቃ እንላቸዋለን። ዶቃን ከዶቃ ደግሞ በሞላ እናስራለን። መቁጠሪያ አስቡ። የእኛ መቁጠሪያ ክሩ በመጠኑ ይለጠጣል፤ ደግሞም 500 መቁጠሪያ አንድ ላይ ተዘበራርቋል።

ሞዴሉን ዛሬ ባለው መልኩ ያስተዋወቁት ኩርት ክሬመርና ጋሪ ግሬስት ናቸው፤ በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ እስካሁን የዘርፉ መነሻ ነው። ዶቃው ፖሊኤቲሊን ይሁን ሌላ ፕላስቲክ አያውቅም። የሚያውቀው ከጎረቤቱ ጋር መታሰሩንና በሌላ ዶቃ ውስጥ ሰንጥቆ ማለፍ አለመቻሉን ብቻ ነው። የሚገርመው፣ የረጅም ሰንሰለቶች ጠባይ አብዛኛው ከእነዚህ ሁለቱ ይወጣል። ያም ሆኖ «ፖሊኤቲሊን ሠራሁ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። የሠራችሁት ሰንሰለት ያለው ፈሳሽ ነው።

ላፕቶፑና ፕሮግራሙ

4 ኮርና 8 ጊጋ ራም ካለው ይበቃል፤ ራሙ እንዲያውም ትርፍ ነው። ዋናው ፕሮግራም ላምፕስ ይባላል። አሜሪካ ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ውስጥ የተሠራ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ነው። ኡቡንቱ ላይ በአንድ ትዕዛዝ ይጫናል። ጠብታውን በዓይን ለማየት ኦቪቶን ጨምሩ፤ መሠረታዊው እትም ነፃ ነው። ኔትወርክ ሲሻል የላምፕስን የመመሪያ ሰነድም አውርዳችሁ አስቀምጡ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንድ ትዕዛዝ ሲያምፅባችሁ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል።

የትዕዛዞቹን ስም እዚህ በድምፃቸው ነው የምጽፋቸው። ሰነዱን ስትከፍቱ ወዲያው ታውቋቸዋላችሁ።

አንድ የጎን ወሬ። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ላፕቶፕ አይግልም የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት ነው። ከተማው ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ቢቀዘቅዝም ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። እኔ እግሬን ላሙቅ ብዬ ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ላይ አስቀመጥኩት። ሌሊት ራሱን ዘጋ። ጠረጴዛ ላይ ይሁን።

አሃዶቹን መልመድ

የመጀመሪያው መስመር ዩኒትስ ኤልጄ ነው። ከዚህ በኋላ ሜትር፣ ሰከንድ፣ ዲግሪ የሚባል ነገር የለም። ርዝመት በሲግማ ይለካል፤ ሲግማ በግምት የአንድ ዶቃ ውፍረት ነው። ጉልበት በኤፕሲለን ይለካል፤ ይህም ሁለት ዶቃዎች ምን ያህል እንደሚፈላለጉ ይናገራል። ጊዜ በታው ነው። የዶቃው ክብደት 1፣ ሲግማ 1፣ ኤፕሲለን 1። ሙቀትም ከኤፕሲለን ጋር እየተነጻጸረ ይሰጣል፤ እኛ 1.0 እንወስዳለን።

መጀመሪያ ላይ ግር ይላል። ነገር ግን ጥቅም አለው። ቁጥሮቹ ሁሉ በ1 ዙሪያ ስለሆኑ ስህተት ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። አንድ ቦታ 4,000 ካያችሁ የሆነ ነገር ፈንድቷል ማለት ነው።

ሲግማን ወደ እውኑ ዓለም ልመንዝረው ካላችሁ ከግማሽ ናኖሜትር እስከ አንድ ናኖሜትር ብላችሁ አስቡት። የጋሼ ጠብታ ከእኛው ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ይሰፋል። በዚህ መጠን የመሬት ስበት ምንም ለውጥ ስለማያመጣ አናስገባውም።

ሁለቱ ኃይሎች

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ኃይል በማንኛውም ሁለት ዶቃዎች መካከል የሚሠራው የሌናርድ ጆንስ ኃይል ነው። ሲጠጋጉ አጥብቆ ይገፋቸዋል፤ ትንሽ ሲራራቁ ይስባቸዋል፤ በጣም ሲራራቁ ይረሳቸዋል። የሚመቻቸው ርቀት 1.12 ሲግማ ገደማ ነው። ኮምፒውተሩ ሩቅ ያሉትን ሁሉ እንዳያሰላ አንድ ቦታ ላይ እንቆርጠዋለን። የምትቆርጡበት ቦታ ነው የጠብታውን ዕጣ የሚወስነው።

በ1.12 ላይ ከቆረጣችሁት የቀረው መገፋፋት ብቻ ነው፤ መሳሳቡ ተቆርጦ ወድቋል። በ2.5 ላይ ከቆረጣችሁት ግን መሳሳቡ አለ፣ ዶቃዎቹ ይሰበሰባሉ፣ ጠብታ ይሆናሉ። ይህን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። ከላምፕስ ጋር የሚመጣ የሰንሰለት ምሳሌ ፋይል አለ። ገልብጬ ተጠቀምኩበት። ፋይሉ የተዘጋጀው ሣጥን ሙሉ ለሆነ ፖሊመር ስለሆነ መቁረጫው 1.12 ነው። ጠብታዬ ዓይኔ እያየ እንደ ጤዛ በነነ። ሁለት ቀን ሙሉ ሙቀቱን ሳወርድ ሳወጣ ከረምኩ። ጥፋቱ አንዲት ቁጥር ነበረች።

ስለዚህ፦ ፔር ስታይል ኤልጄ ከት፣ 2.5። ኃይሉ በተቆረጠበት ቦታ ጉልበቱ ዜሮ እንዲሆን ፔር ሞዲፋይ ሺፍትን «የስ» በሉት።

ሁለተኛው ኃይል ሞላው ነው። ስሙ ፌኔ ይባላል። ተራ ሞላ በጎተታችሁት ልክ ይረዝማል። ፌኔ ግን ወሰን አለው። 1.5 ሲግማ ላይ ሲቃረብ ኃይሉ ያለ ገደብ ያድጋል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። ለምን እንዲህ ሆነ? ሞላው በጣም ቢለጠጥ በሁለቱ ዶቃዎች መካከል ሌላ ሰንሰለት ሾልኮ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይከፈታል። እውነተኛ ሰንሰለት በሌላው ውስጥ አያልፍም። የቦንድ ኮኤፍ አራቱ ቁጥሮች በቅደም ተከተል 30፣ 1.5፣ 1፣ 1 ናቸው። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለቱ የታሰሩት ዶቃዎች እርስ በርስ እንዳይገቡ የሚገፋውን ክፍል ይሰጣሉ። መግፊያው እዚሁ ስላለ ሌናርድ ጆንስ በታሰሩ ጎረቤቶች መካከል ድጋሚ መቆጠር የለበትም። ይህን ስፔሻል ቦንድስ ፌኔ የሚለው መስመር ያስተካክላል። ከረሳችሁት ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያ ብቻ ጽፎ ይሠራል፣ ውጤቱ ግን ሌላ ሞዴል ነው።

ሁሉም ደህና ከሆነ የታሰሩ ዶቃዎች ርቀት በአማካይ 0.97 ላይ ይቀመጣል። ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት፤ ሁሌም መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። 0.97 እና 1.12 አለመገጣጠማቸውም ጥሩ ነው። ሰንሰለቶቹ እንደ ጡብ ተደርድረው ክሪስታል እንዳይሆኑ ያውካቸዋል።

ሰንሰለቶቹን መሥራት

20 ዶቃ ያላቸው 500 ሰንሰለቶች እንፈልጋለን። ጠብታው ስንት እንደሚሰፋ አስቀድማችሁ አስሉ። የእንዲህ ያለ ፈሳሽ ጥግግት በአንድ ኪዩቢክ ሲግማ 0.85 ዶቃ አካባቢ ነው። 10,000ን ለ0.85 ስታካፍሉ ይዘቱ ይወጣል፤ ያንን ይዘት ያለው ሉል ራዲየሱ 14 ሲግማ ገደማ ነው።

14 ትልቅ ይመስላል። አይደለም። የውጭው አንድ ሲግማ ውፍረት ያለው ልጣጭ ብቻ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ዶቃ ይይዛል። ይህ ጠብታ ልጣጩ ወፍራም የሆነ ብርቱካን ነው። ከትልቅ ጠብታ ጋር ስታነጻጽሩት አትርሱት።

በፓይተን አጭር ስክሪፕት ጻፉ። ራዲየሱ 15 በሆነ ሉል ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ የመጀመሪያውን ዶቃ አስቀምጡ። ከእሱ 0.97 ርቀት ላይ በዘፈቀደ አቅጣጫ ቀጣዩን፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ 20። ሁለት ነገር ከልክሉ። ከሉሉ የሚወጣ እርምጃ ይሰረዝ። ሦስተኛው ዶቃ ወደ አንደኛው ተመልሶ እንዳይለጠፍበት ቢያንስ 1.02 ይራቅ። ሌላውን መደራረብ ለጊዜው ተዉት። ሣጥኑ በሁሉም አቅጣጫ 60 ይሁን፣ ጠብታው መሃል ላይ። ሣጥኑ ጠርዝ የለውም፤ በቀኝ የወጣ በግራ ይገባል። ጠባብ ካደረጋችሁት ጠብታው በሌላ በኩል የራሱን ጥላ አግኝቶ ይጣበቅበታል።

አሁን ያላችሁ ነገር የተዘበራረቀ ክምር ነው። ዶቃ ዶቃ ላይ ወጥቷል። በዚህ ሁኔታ ሌናርድ ጆንስን ከከፈታችሁ ኃይሉ ሰማይ ይነካል። ሰንሰለቶቹ ይበጠሳሉ፣ ስክሪኑ ላይ «ፌኔ ቦንድ ቱ ሎንግ» የሚል ማስጠንቀቂያ እንደ በረዶ ይወርዳል።

መፍትሔው በለስላሳ መጀመር ነው። ፔር ስታይል ሶፍት የሚባል ኃይል አለ። ሁለት ዶቃ አንድ ቦታ ላይ ቢሆኑ እንኳ አይፈነዳም፣ ቀስ ብሎ ይለያያቸዋል። መቁረጫውን 1.12 አድርጉና ጥንካሬውን በ1፣ ከዚያ በ5፣ በ20፣ በ60 አስኬዱ። እያንዳንዱ ላይ 5,000 እርምጃ ይበቃል፤ ኮምፒውተሩ ዶቃዎቹን ሁሉ አንድ ጊዜ ባንቀሳቀሰ ቁጥር አንድ እርምጃ ነው። አንቀሳቃሹ ፊክስ ኤንቪኢ ሊሚት ይሁን፤ አንድ ዶቃ በአንድ እርምጃ ከ0.05 ሲግማ በላይ እንዳይዘል ይይዘዋል። ለስላሳው ኃይል ስለማይስብ ክምሩ እንዳይበተን ፊክስ ኢንደንትን በሉል ቅርጽ፣ ወደ ውስጥ የሚገፋ አድርጋችሁ ራዲየስ 15 ላይ አኑሩ። እንደ ወንፊት ጠርዝ ይዟቸው ይቆያል።

ሲያልቅ በጣም የተጠጉት ሁለት ዶቃዎች ርቀት ስንት እንደሆነ እዩ። ከ0.8 በታች ከሆነ በ60 ላይ ትንሽ ጨምሩ። ካለፈ ሶፍትን አንሱና ኤልጄ ከትን በ2.5 አስገቡ። ኢንደንቱን ንቀሉ። ኤንቪኢ ሊሚትን ለ5,000 እርምጃ ያህል አቆዩት፣ ከዚያ በተራው ኤንቪኢ ተኩት። ከዚህ በኋላ ጠብታው ራሱን ችሏል።

ማስከን

ጠላ ሲጠመቅ ቢሸትም ቢያምርም እስኪሰክን አይቀዳም። ጠብታውም እንዲሁ ነው።

የጊዜ እርምጃው 0.005 ታው ይሁን። ሙቀቱን ፊክስ ላንጀቪን በ1.0 ይያዘው፤ የመርገቢያ ጊዜውን (ሲረዝም አያያዙ ይላላል) 2 አድርጉት። ላንጀቪን እያንዳንዱን ዶቃ በትንሹ እየጎሸመ፣ በትንሹ እየያዘ ሙቀቱን ያስተካክላል። በዚህ ሙቀት ነጠላ ዶቃዎች ቢሆኑ ኖሮ የተወሰኑት ይተኑ ነበር። የታሰሩ 20ዎች ግን አንዱ ሊወጣ ሲል 19ኙ ይጎትቱታል፣ ስለዚህ በጠብታው ዙሪያ ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ይቆያል። ሙቀቱን ከ0.5 በታች አታውርዱት፤ እየደነደነ ሄዶ ዕድሜ ልክ አይሰክንም።

2 ሚሊዮን እርምጃ አስኬዱ። 10,000 ታው መሆኑ ነው። ስንት ሰዓት ይፈጃል? አንድ ኮር በሰከንድ 1 ሚሊዮን የዶቃ እርምጃ ይሠራል ብላችሁ ገምቱ። 10,000 ዶቃ በ2 ሚሊዮን እርምጃ ሲባዛ 20,000 ሰከንድ፣ ማለትም አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። መጀመሪያ 10,000 እርምጃ ብቻ አስኬዱና የራሳችሁን ላፕቶፕ ፍጥነት ለኩ።

ፍጥነቱን የሚያመጣው የጎረቤት ዝርዝር ነው። 10,000 ዶቃ በጥንድ በጥንድ ቢቆጠር 50 ሚሊዮን ጥንድ ይሆናል። ላምፕስ ግን ለእያንዳንዱ ዶቃ ቅርብ ያሉትን ብቻ መዝግቦ ይይዛል። በእኛ ጥግግት ከ400 ሺህ ጥንድ አይበልጥም። ሥራው ከመቶ ጊዜ በላይ ቀለለ ማለት ነው።

በአራት ኮር ስታስኬዱ አንዲት ትንሽ ብልሃት አለች። ላምፕስ ሣጥኑን ለኮሮቹ ይከፋፍላል። በአንድ አቅጣጫ አራት ቦታ ከተቆረጠ ዳር ያሉት ሁለቱ ኮሮች ባዶ ቦታ ይደርሳቸውና ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። ፕሮሰሰርስ 2 2 1 ብላችሁ ጻፉ። ጠብታው መሃል ላይ ስላለ እንደ ድፎ ዳቦ አራት እኩል ቦታ ይቆረጣል።

ደግሞ መብራት አለ። ክረምት ላይ አንድ ሌሊት ሙሉ የሄደ ሥራ ንጋት ላይ መብራት ሲጠፋ አብሮ ሄደብኝ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ሪስታርት 50000 የሚለውን መስመር ከሁለት የፋይል ስሞች ጋር ሳልጽፍ ምንም አላስነሳም። በየ50,000 እርምጃው እየተፈራረቀ ይጽፋል። አንዱን እየጻፈ ሳለ ቢቋረጥ ሌላው ደህና ነው።

ሰክኗል የምትሉት መቼ ነው? ዓይናችሁን አትመኑ። ጠብታው ክብ የሚሆነው ከመስከኑ በጣም ቀድሞ ነው፤ የገጽታ ውጥረቱ፣ ማለትም ገጹን ለማሳነስ የሚስበው ኃይል፣ ጎትቶ ያከበዋል። በውስጡ ያለ ሰንሰለት ግን ከተወለደበት ቦታ ገና አልተነቃነቀም። እኔ የማየው እንዲህ ነው።

ጠቅላላ ጉልበቱ ቁልቁል መውረዱን አቁሞ አንድ ቦታ ላይ ይርገበገባል? ይህ ቀላሉ ፈተና ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም።

የመላ ጠብታውን የጋይሬሽን ራዲየስ፣ ማለትም ዶቃዎቹ ከመሃሉ በአማካይ ምን ያህል እንደራቁ፣ በኮምፒዩት ጋይሬሽን አውጡ። ራዲየሱ 14 የሆነ ሙሉ ሉል 10.8 ገደማ ይሰጣል። ትእዛዙ በሦስቱ አቅጣጫ ያለውን ድርሻም ይነግራችኋል፤ ሦስቱ ካልተቀራረቡ ጠብታው ገና እንደ ድንች ነው። የእያንዳንዱን ሰንሰለት አማካይም እዩ፤ ለ20 ዶቃ ከ2 ሲግማ ትንሽ በለጥ ይላል።

ዋናው ፈተና ግን ጉዞ ነው። የሰንሰለቶቹ መሃል ነጥብ ከመነሻው ምን ያህል ርቋል? ጠብታው በሙሉ የሚንሳፈፈውን ቀንሱና እያንዳንዱ ሰንሰለት በአማካይ የራሱን ስፋት ብዙ ጊዜ ያህል መሄዱን አረጋግጡ። ያን ጊዜ የፓይተን ስክሪፕታችሁ የት እንዳስቀመጠው ረስቷል። የሰንሰለቱን ርዝመት እጥፍ ካደረጋችሁ የምትጠብቁት ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ሰንሰለቶቹ በደንብ መጠላለፍ የሚጀምሩበትን ርዝመት ካለፋችሁ ደግሞ እጥፍ ሲረዝም ጊዜው ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። በ20 መጀመር የሚሻለው ለዚህ ነው።

ከሰከነ በኋላ የጥግግቱን ሥዕል አውጡ። ጠብታውን እንደ ሽንኩርት በግማሽ ሲግማ ልጣጭ ከፋፍላችሁ በእያንዳንዱ ያሉትን ዶቃዎች ለይዘቱ አካፍሉ። ከመቁጠራችሁ በፊት ሁልጊዜ መሃሉን አስተካክሉ፤ ላንጀቪን ጠብታውን ቀስ በቀስ ያንከራትተዋል። የመሃለኛው ልጣጭ ቁጥር ሲዘል አትደንግጡ። ይዘቱ ግማሽ ኪዩቢክ ሲግማ ብቻ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዶቃ እንኳ አይገኝበትም። ብዙ ቅጽበት ወስዳችሁ አማካዩን ያዙ። ውስጡ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ላይ በጥቂት ሲግማ ውስጥ ወደ ዜሮ የሚወርድ ኩርባ ካገኛችሁ ጠብታ ሠርታችኋል።

ወለል ላይ ማሳረፍ

ጠዋት ከመንዝ በርኖስ ለብሶ የሚመጣ ሰው አይታችሁ ከሆነ ጤዛው ሱፉ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ይቀመጣል። ጋቢ ላይ ግን ወዲያው ይሰርጋል። ውሃው አንድ ነው፤ የተለየው የሚያርፍበት ነገር ነው። ጠብታ ወለሉን ከራሱ ይልቅ ከወደደ ይሰፋል፣ ካልወደደ ይሰበሰባል። ቶማስ ያንግ ይህን በ1805 እ.ኤ.አ. በሦስት የገጽታ ውጥረቶች ሚዛን አስረድቶታል። ጠብታው ጠርዝ ላይ ከወለሉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ንክኪ ማዕዘን ይባላል።

ቀላሉ ወለል ፊክስ ዎል ኤልጄ93 ነው። ምንም ዶቃ የሌለበት ለስላሳ ሜዳ ነው፤ ከሥሩ ማለቂያ የሌለው ጠጣር ነገር ያለ ያህል ይስባል። ባውንደሪውን በቁመቱ አቅጣጫ ከፒ (በአንዱ ወጥቶ በሌላው የሚገባ) ወደ ኤፍ (የተዘጋ) ቀይሩ። የሰከነውን ጠብታ ዝቅተኛው ዶቃ ከወለሉ 1 ሲግማ ተኩል ያህል እስኪቀረው አውርዱትና ልቀቁት። የወለሉን ጥንካሬ ከ1.0 እስከ 3.0 በ0.5 እየጨመራችሁ አምስት ጊዜ አስኬዱ። የምትሰጡት ቁጥር ከሞላ ጎደል ወለሉ ዶቃውን የሚይዝበት የጉልበት ጉድጓድ ጥልቀት ነው፤ 1.0 ብትሉ ዶቃው ከወለሉ 0.86 ሲግማ ላይ 1.05 ኤፕሲለን ያህል ይያዛል።

እዚህም ማስከን አለ። ያን ማታ የሰራሁት ስህተት ይህ ነበር፦ ጠብታው ወለሉን ነክቶ ቆብ የመሰለ ቅርጽ ሲይዝ በ100,000ኛው እርምጃ ለካሁት። ማዕዘኑ ግን ገና እየወረደ ነበር፤ በማግስቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ወርዶ አገኘሁት። ማዕዘኑን በየ50,000 እርምጃው እየለካችሁ በጊዜ ላይ ሣሉት። ኩርባው ጠፍጣፋ ከሆነበት በኋላ ያለውን ብቻ ውሰዱ።

ማዕዘኑን ለመለካት ጠብታውን በአግድም በ1 ሲግማ ቁረጡት። በየንብርብሩ ጥግግቱ ግማሽ የሚሆንበትን ራዲየስ ፈልጉና በነጥቦቹ ላይ ክብ ግጠሙ። ከወለሉ አጠገብ ያሉትን ሁለት ንብርብሮች ዝለሏቸው፤ እዚያ ዶቃዎቹ ተደርድረው ስለሚቆሙ ጥግግቱ ይወዛወዛል፣ ክቡንም ያጣምመዋል። ለፈጣን ግምት ደግሞ ከፍታውን ለመሠረቱ ራዲየስ አካፍሉ፤ የግማሽ ማዕዘኑ ታንጀንት ያ ነው። ከፍታው 14፣ መሠረቱ 21 ከሆነ 0.667 ይወጣል፣ ማዕዘኑ 67 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ 90።

በሦስት የተለያዩ የዘፈቀደ ቁጥር ዘሮች ድገሙት። የአንድ ጊዜ ማዕዘን ወሬ ነው። ከቻላችሁ መጠኑንም ቀይሩ፤ በትናንሽ ጠብታዎች ላይ ማዕዘኑ ከጠብታው ስፋት ጋር ሊለዋወጥ ይችላል። ራዲየሱን እጥፍ ለማድረግ 80,000 ዶቃ ያስፈልጋል። ያ ከከበዳችሁ ክብ ጠብታውን ትታችሁ በአንድ አቅጣጫ ሣጥኑን ተሻግሮ ራሱ ላይ የሚገጥም ረጅም ሲሊንደር ሥሩ። የንክኪ መስመሩ ቀጥ ስለሚል ማዕዘኑ በመጠኑ ምክንያት የሚለዋወጠው ያንሳል።

የሚሰፋ ጠብታ

ጥንካሬው ከበዛ ጠብታው ማዕዘን ይዞ አይቆምም፤ መስፋቱን ይቀጥላል። በትልልቅ ጠብታዎች ላይ የታነር ሕግ የሚባል አለ፤ ራዲየሱ በጊዜ አንድ አሥረኛ ኃይል ያድጋል። ስፋቱ እጥፍ እንዲሆን ጊዜው 1,024 እጥፍ መርዘም አለበት ማለት ነው። በእኛ መጠን ግን መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ሌላ ነገር ነው። ከጠብታው እግር ሥር አንድ ዶቃ ብቻ ውፍረት ያለው ስስ ምንጣፍ ቀድሞ ይወጣል። የዚህ ምንጣፍ ራዲየስ የሚያድገው በጊዜ ስኩዌር ሩት ነው። ስለዚህ «ራዲየስ» ስትሉ የእግሩን ይሁን የአካሉን ለይታችሁ ለኩ። ሣጥኑንም በጎን ወደ 100 አስፉት።

ፍጥነት ስትለኩ ላንጀቪን ጠላት ይሆናል። የሚይዘው ዶቃውን ከአየሩ ጋር እንጂ ከጎረቤቱ ጋር አይደለም፣ ፍሰቱን ያዘገያል። የመርገቢያ ጊዜውን ወደ 10 አላሉት፣ ወይም ዶቃን ከዶቃ ጋር ብቻ የሚያፋትገውን የዲፒዲ ቴርሞስታት ተጠቀሙ። ለማዕዘን ግን ችግር የለውም፤ መድረሻው ያው ነው።

ቪዲዮውን አንድ ቅዳሜ ለጋሼ በስልኬ አሳየኋቸው። ጠብታው ያርፋል፣ ይሰፋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ጎን ይንሸራተታል። እሱን ሳላስተውል ነው የቀረሁት። እሳቸው አይተው ሳቁ። «ወለሉን አልፈተግከውማ! እኔ እኮ መጀመሪያ በቢላ እፍቃለሁ፣ ያለዚያ አይዝም» አሉ። ልክ ናቸው። ዎል ኤልጄ93 ፍጹም ለስላሳ ነው፤ ወደ ታች ይስባል እንጂ ወደ ጎን አይዝም።

ስለዚህ ለፍጥነት ጥናት ወለሉን ራሱን ከዶቃ ሥሩት። ኤፍሲሲ የሚባለው አደራደር፣ 111 የሚባለው፣ ዶቃዎቹ በጣም የሚጠጋጉበት ገጹ ወደ ላይ ሆኖ፣ በዶቃዎቹ መካከል 1.12 ርቀት ይኑር። 60 በ60 ለሆነ ሣጥን በአንድ ንብርብር 3,300 ዶቃ ያህል ይገባል፤ ሦስት ንብርብር ከጠብታው ጋር እኩል 10,000 ሊሆን ምንም አይቀረው። በኤንቪኢ ቡድን ውስጥ አታስገቧቸው፣ እንዳሉ ይቁሙ። ኔይ ሞዲፋይ ኤክስክሉድ ብላችሁ ወለል ከወለል ጋር ያለውን ስሌት አስቀሩ፣ ያለዚያ ግማሹ ሰዓት በማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ያልቃል። የጠብታውና የወለሉ መሳሳብ በፔር ኮኤፍ ለብቻው ይሰጣል፤ ከ0.4 ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። እዚህ አንድ ዶቃ የሚስቡት የወለል ዶቃዎች ብዙ ስለሆኑ የለስላሳውን ወለል ቁጥሮች ገልብጣችሁ እንዳትወስዱ።